ከሠራተኛ ማኅበር ለመልቀቅ አንድ ደብዳቤ ይበቃል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ሠራተኛ ከማኅበር ሲለቅ የሚጽፈው ደብዳቤ ብቻውን ይበቃል? ወይስ የአባላቱ ጉባኤ ተሰብስቦ መልቀቂያውን መቀበል አለበት? ሁለቱም ጸሐፊዎች አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። አንዷ የስፌት ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ሌላው የማኅበሩ ሊቀመንበር።

የስፌት ክፍል ሠራተኛ

በደንብ ይበቃል። ስገባ ጉባኤ አልተጠራልኝም። አንድ ወረቀት ላይ ፈረምኩ፣ በሚቀጥለው ወር መዋጮ መቆረጥ ጀመረ። ታዲያ ስወጣ ጉባኤ ምን አመጣው?

ደብዳቤዬን ለማኅበሩ ጸሐፊ በእጄ ሰጠሁ፤ ግልባጩን ለደመወዝ ክፍል አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ተቆርጦብኛል። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ «የማኅበር መዋጮ» የምትለው መስመር ንቅንቅ አላለችም። ስጠይቅ «ጉባኤው ሳይወስን አይቆምም» ተባልኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዙ አይቆረጥም ይላል። እኔ ስምምነቴን በጽሑፍ አንስቻለሁ። ቅጹን ከሰው ሀብት ቢሮ ወስጄ፣ ሞልቼ፣ ፈርሜ አስገብቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ሊቀመንበሩ

ልጄ፣ አዋጁን እስከ መጨረሻው አንብቢው። «በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ» የሚለውን ዘለሽዋል። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው የእኛ ኅብረት ስምምነት መዋጮው በደመወዝ ክፍል በኩል እንዲሰበሰብ ይላል።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። «ቅጹን ከሰው ሀብት ቢሮ ወስጄ» አልሽ። ከማኅበር መውጫ ቅጽ ሰው ሀብት ቢሮ ምን ይሠራል? ማን አዘጋጀው? ስንት ኮፒ ተባዛ? ያው አንቺ የጠቀስሽው አዋጅ አሠሪ ሠራተኛውን አባል እንዲሆን ወይም እንዳይሆን፣ አባልነቱን እንዲቀጥል ወይም እንዲተው እንዳያስገድድ ከልክሏል።

ማኅበር እንደ ዕድር ነው። ሰው ደስ ሲለው የሚገባበት፣ ሲከፋው የሚወጣበት አይደለም።

የስፌት ክፍል ሠራተኛ

ዕድር አሉኝ። እሺ፣ ስለ ዕድር እናውራ። እናቴ ሰፈር ስትቀይር ከዕድሯ ወጣች። ያለባትን ቅጣት ከፈለች፣ ዳኛው ስሟን ከመዝገብ ሰረዙ፣ አለቀ። በሚቀጥለው ወር ቤቷ ድረስ መጥቶ «ጉባኤው አልወሰነም፣ ክፈይ» ያላት የለም። ዕድር ደመወዝ ላይ እጁን አያስገባም፣ ጋሼ።

ኅብረት ስምምነቱ መዋጮ የሚሰበስበው ከአባል ነው። እኔ አባል ነኝ ወይ ነው ጥያቄው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 31 ላይ የመደራጀት መብት ሰጥቶናል። አንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹ ከዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ አዟል። የ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) መግለጫ አንቀጽ 20 ማንም ሰው የማኅበር አባል እንዲሆን አይገደድም ይላል። ጉባኤያችን ባለፈው ዓመት ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ተበትኗል። እሱ እስኪሞላ ጠብቂ ማለት ማስገደድ ካልሆነ ሌላ ስም ይስጡት።

ሊቀመንበሩ

ቅጹን ማን ሰጠሽ ነው ያልኩት። አልመለስሽልኝም።

እኔ ልንገርሽ። የኅብረት ስምምነቱ እድሳት ድርድር ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፣ በአንድ ሳምንት 14 የመልቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አየኋቸው። ሁሉም ላይ «አባልነቴን» የሚለው ቃል «አባልነቴነ» ተብሎ ተጽፏል። አሥራ አራት ሰው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ፊደል አይሳሳትም። ጉባኤው ይይልን ያልነው ለዚህ ነው። ሰውን ለማሰር ብለን አይደለም።

ይህን ማኅበር ስናቋቁም 12 ነበርን። ሕጉ የአባላት ቁጥር ከ10 ማነስ የለበትም ይላል። ያኔ ሦስት ሰው በእንዲህ ዓይነት ቅጽ ቢወጣ ማኅበር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ደብዳቤ ይበቃል ካልሽ፣ እሺ ይብቃ። ግን የወጣ ሰው ማኅበሩ ታግሎ ባመጣው ጭማሪ ለምን ይጠቀማል?

የስፌት ክፍል ሠራተኛ

ይኸው፣ ጥያቄውን ቀየሩት። የጀመርነው ደብዳቤ ይበቃል ወይ ብለን ነበር። «ይብቃ» ካሉ ሦስት ወር የተቆረጠብኝ ይመለስልኝ።

ጭማሪውንም ቢሆን አያስፈራሩኝ። አዋጁ ማኅበሩ ራሱ ቢፈርስ እንኳ ኅብረት ስምምነቱ በአሠሪውና በሠራተኞቹ መካከል ይጸናል ይላል። የእኔ መውጣት እንዴት ያፈርሰዋል?

ፊርማው የእኔ ነው። ለምን እንደወጣሁ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ሌሊት ፈረቃ ተመደብኩ። ሕጉ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ይህን ይዤ ቢሯችሁ ሦስት ጊዜ መጣሁ። ሦስቱንም ጊዜ በሩ ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ነበር። እግሬ አብጦ ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር የሚገባልኝ።

ሊቀመንበሩ

የሌሊት ፈረቃውን አልሰማሁም። ብሰማ ዝም የምል ሰው እንዳልሆንኩ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ለዚህ ማኅበር ብዬ ሁለት ጊዜ ከሥራ ታግጃለሁ። በር ዘግቶ ተቀመጠ መባል ያማል።

ግን ያ ቅጽ ዛሬም ሰው ሀብት ቢሮ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ትናንት ሄጄ አይቼዋለሁ። አንቺ በራስሽ ምክንያት ወጥተሽ ይሆናል። የሌሎቹ 13 ሰዎች ምክንያትስ?

የስፌት ክፍል ሠራተኛ

እነሱን ይጠይቋቸው። እኔን የሚመለከተው የእኔ ደብዳቤ ነው። ዛሬ የደመወዝ ወረቀት ወጥቷል። መዋጮው በዚህም ወር ተቆርጧል። አራተኛው ነው።