ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም

«የምንጭ ውሃ ጥርት ካለ ማፍላት አያስፈልግም፤ ፍግም የተፈጥሮ ስለሆነ አትክልት ላይ ቢደረግ ችግር የለውም» ብለህ ለጻፍከው፣ ወንድሜ፣ እርማት አለኝ። ይህን የሚያምነው ብዙ ሰው ስለሆነ ዝም ማለት አልፈለግኩም።

ኮሌራን፣ ታይፎይድንና ጃርዲያን የሚያመጡ ተህዋስያን በዓይን አይታዩም። ውሃው ኩልል ብሎ፣ ሽታም መጥፎ ጣዕምም ሳይኖረው ሊያሳምም ይችላል። በተለይ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ እበትና ዓይነ ምድር ጠራርጎ ምንጩ ውስጥ ይከታል። ምንጩ ካልታጠረ፣ ከላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ካልተቆፈረለት፣ ከብቱም እዚያው ገብቶ ከጠጣ፣ መጥራቱ ዋስትና አይሆንም። መጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋትም አይቆፈር የሚባለው ለዚሁ ነው።

ምንጩ እንዲህ እስኪጠበቅ ድረስ ማፍላት ነው። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግን 3 ደቂቃ ይቆይ። የፈላውን ቆሻሻ ጀሪካን ውስጥ ከገለበጡት ግን ልፋቱን ውሃ በላው።

ፍግ ለአፈር ጥሩ ነው፣ እዚህ ላይ እንስማማለን። ትኩሱን ሰላጣና ካሮት ላይ ማድረግ ግን ኢኮላይና ሳልሞኔላ የተባሉትን ሆድ የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ወደ ማዕድ መጋበዝ ነው፤ ጥሬ የሚበላ ነገር እሳት አያገኘውማ! መጀመሪያ ተከምሮ ይብላላና ኮምፖስት ይሁን። በደንብ የተሠራ ክምር ውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ይህ ሙቀት ለቀናት ሲቆይ አብዛኞቹን ጎጂ ተህዋስያን ይገድላል። ዳር ዳሩ እንደ መሃሉ ስለማይሞቅ ክምሩን ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል።