የቆሻሻው ሒሳብ ከውሃ ቆጣሪ ላይ ይውረድ

ሰሞኑን በሰፈራችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ተነሥተው፣ “ውሃ የሚያጥረው እናንተ ስለምታባክኑት ነው፤ ቆሻሻም ለይታችሁ አታወጡም፤ ቅጣት ካልመጣ አትለወጡም” አሉን። ይህ የተነገረው ከአዲስ አበባ ጫፍ ባለ ኮንዶሚኒየም፣ ውሃ በፈረቃ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ሌሊት በሚለቀቅበት ሰፈር ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ጀሪካን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ የሚወጡ ናቸው። ምኑን ነው የሚያባክኑት? ልብስ ያጠቡበትን ውሃ ለመጸዳጃ ቤት፣ ጎመን ያጠቡበትን ለወለል የሚያውሉ እናትን ስለ ቁጠባ መምከር ድፍረት ነው።

ብክነት ከተነሣ በቦታው ይነሣ። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ከምታገኘው ውሃ ከሲሶ የማያንሰው ሒሳብ ሳይከፈልበት እንደሚቀር የዘርፉ ባለሙያዎች ራሳቸው ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። ከፊሉ ባረጀ ቧንቧ ይፈስሳል፣ ከፊሉ በሕገወጥ መስመር ይሄዳል። ሲሶው መንገድ ላይ እየቀረ የእኛን ባልዲ መቁጠር ነውር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የቆሻሻ ማንሻ ክፍያችን የሚሰበሰበው በውሃ ቢል ነው። ለዓመታት ስሌቱ የመኖሪያ ቤት ከውሃ ሒሳቡ ላይ 20 በመቶ፣ የንግድ ድርጅት 42.5 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። ታሪፉ በየጊዜው ቢነካካም፣ ብዙ ውሃ የተጠቀመ ብዙ ቆሻሻ ይጥላል የሚለው ግምት ከሥሩ አልተነቀለም። ግምቱ ሐሰት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል እንበል። ንባቡ ሲደመር የታሪፍ እርከኑ ከፍ ይላል፤ የቆሻሻውም ክፍያ አብሮ ይወጣል። እነዚህ ሰዎች ከድንች ልጣጭና ከከሰል አመድ ሌላ ብዙ የሚጥሉት የላቸውም። ከመንገዱ ማዶ ያለው መደብር ቀኑን ሙሉ ካርቶንና ላስቲክ ሲያወጣ ይውላል፤ ውሃው ግን አንዲት የእጅ መታጠቢያ ናት። በዚያ ስሌት መደብሩ በፐርሰንት ቢበልጥም በብር ሲመታ ተከራዮቹ ይበልጡታል።

ይባስ ብሎ፣ ውሃ በጠፋበት ወር ቢሉ ይቀንሳል፣ ቆሻሻው ግን ይጨምራል። ምክንያቱም ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣውን በሃይላንድ ይገዛል፣ ባዶውም ደረጃ ሥር ይከመራል። ውሃ ማጣቱ ራሱ ፕላስቲክ ያመርታል ማለት ነው። ደግሞ ሃይላንዱን ለብቻ፣ ካርቶኑን አጣጥፋ ለብቻ፣ ልጣጩን ለብቻ የምታወጣ ሴትና ሁሉንም በአንድ ፌስታል ቋጥሮ የሚወረውር ጎረቤቷ ለቆሻሻቸው የሚከፍሉት በአንድ ሚዛን ነው፤ በውሃቸው። ልፋቷ የትም አልተቆጠረላትም። ከዚያ ወዲያ ለምን አትለዩም ብሎ መቆጣት ምን የሚሉት ነው?

ብንለይስ? ጋሪው ሲመጣ ለይተን በየማዳበሪያው ያወጣነው ሁሉ እላዩ ላይ አንድ ላይ ይገለበጣል። በዓይኔ አይቻለሁ። በጽዳት ማኅበር የሚሠሩትን ልጆች አልወቅስም፤ የሚያራግፉበት ገንዳ አንድ ብቻ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ነፍስ የቀጠፈው የቆሼ ተራራ በእንዲህ ያለ ቅይጥ ቆሻሻ ነው ያደገው። ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የረጲ ማመንጫም የሚቀርብለት ከግማሽ በላይ እርጥብ ብስባሽ ነው፤ እርጥብ ልጣጭ ደግሞ እሳት ያዳክማል እንጂ አያነድም። የሰንዳፋው የቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ በወራት ውስጥ የተዘጋው ሽታውና ፍሳሹ ያስመረራቸው ገበሬዎች አንቀበልም ስላሉ ነው። እዚያ ተከፍቶ እዚህ ቢዘጋ፣ ቤት ደጃፍ ላይ ያልተለየ ቆሻሻ የትም ሄዶ ችግር ነው።

ቅጣት አላጣንም። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከነቅጣቱ ጸድቋል። ከእኛ መካከልም ዳይፐር ማንሆል ውስጥ የሚከት አለ፤ እሱ ይቀጣ። የቀረነው ግን የምንጠይቀው ቀላል ነው። የቆሻሻው ክፍያ ከውሃ ቢል ይለይ፤ በሚወጣው ማዳበሪያ ብዛት ይታሰብ፤ ለይቶ ያወጣ ይቀነስለት፤ ጋሪውም ሁለት ክፍል ይኑረው።

መልሶ መጠቀምን በዚህች ከተማ የተሸከመው ቆራሌው ነው። ማንም ሳያሠለጥነው፣ ያለ ደመወዝ፣ ቆርቆሮውንና ሃይላንዱን ከየደጃፉ ለቅሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሳል። እዚያ ሌላው የጣለው ተቀጥቅጦ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ይሆናል። በእኛ ግቢ በር ላይ ግን “ቆራሌ መግባት ክልክል ነው” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ኃላፊው ለስብሰባው ሲገቡ በሥሩ አልፈዋል። ሥራው ከዚያ ይጀመር፤ ወረቀቱ ይነሣ፣ ለቆራሌውም በየብሎኩ ሚዛን የሚያስቀምጥበት ቦታ ይሰጠው።