በሦስት ቀን ሱባኤ ለሚመነኩሱ ወገኖቻችን የቀረበ ምስጋና

እሰይ የኛ ጀግኖች! ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድን ሰው ለማመንኰስ ዓመታት የምትፈጅበትን ጉዳይ እናንተ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ትጨርሱታላችሁ። ዓርብ ማታ ወጣቶች ሱባኤ ይገባሉ። ቅዳሜ ሌሊት በቅዱስ ቁርባን ስግደት ላይ ሻማው በርቶ፣ ጊታሩ ተቃኝቶ እንባ ይፈሳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ጥሪ አለኝ»፣ ማለትም እግዚአብሔር ለምንኵስና ጠርቶኛል፣ የሚል መልእክት ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ሰኞ ምሳ ሳይደርስ «አባ» እያለ የሚጠራችሁ አይታጣም።

ቅዱስ ቤነዲክቶስማ ምን ያውቃል! ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ምዕራፍ 58 አዲስ መጪ በቀላሉ እንዳይገባ አዘዘ። አራት አምስት ቀን በር ላይ ያንኳኳ፣ ቢያመናጭቁትም ይታገሥ አለ። ገብቶም አልተገላገለም፤ በ2 ወር፣ ከዚያ በ6 ወር፣ ከዚያ ደግሞ በ4 ወር ሥርዓቱ ከዳር እስከ ዳር ይነበብለታል፤ ከቻለ እንዲቀጥል፣ ካልቻለ በነፃነት እንዲሄድ። እናንተ ግን በር ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ ሌላ የመነኮሳት ማኅበር አለ። ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ፊልም ታይቶ ካፑቺን (የእርሱን ሥርዓት የሚከተል መነኩሴ)፣ የቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ታሪክ ተነቦ ቀርሜሎሳዊት (የእርሷ ማኅበር መነኩሲት)፣ የማዘር ትሬዛ እኅቶች በመንገድ ሲያልፉ ታይተው ደግሞ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ። (የካፑቺኖቹ መታጠቂያ ላይ ያሉት ሦስት ቋጠሮዎች ድህነት፣ ንጽሕናና ታዛዥነት ናቸው። ፎቶ ላይ ግን ቆቡ ነው የሚያምረው።)

ከሁሉ በላይ የሚደነቀው የኢየሱሳውያንን ማኅበር የመሠረተውን ቅዱስ ኢግናጥዮስን ማረማችሁ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1521 በስፔን ፓምፕሎና ከተማ ውጊያ ላይ እግሩን በመድፍ ተመትቶ አልጋ ላይ ሲውል ሁለት ዓይነት ሐሳብ ይመላለስበት ነበር፤ አንዱ ስለ አንዲት እመቤትና ስለ ጀብዱ፣ ሌላው ስለ ቅዱሳን። ሁለቱም በሰዓቱ ደስ ይሉታል። ልዩነቱን ያገኘው ካለፉ በኋላ ነው፦ የመጀመሪያው ሲሄድ ልቡን ባዶ ያስቀረዋል፣ ሁለተኛው ሄዶም ደስታው ይቀራል። ስለዚህ በኋላ ሱባኤ ለሚመሩ ሲጽፍ፣ በ14ኛው ማሳሰቢያ፣ ሱባኤኛው በመጽናናትና በግለት ላይ ካለ ሳያስብበት ስእለት እንዳይሳል አስጠንቅቁት፣ ጠባዩ ቶሎ የሚዋዥቅ ከሆነማ ይበልጥ አስጠንቅቁት አለ። በጨለማና በድርቀት ጊዜም ቀድሞ የወሰናችሁትን አትለውጡ አለ። እናንተ ሁለቱንም አቃናችኋቸው፦ በሙቀቱ ትሳላላችሁ፣ በብርዱ ትተዋላችሁ።

የመንፈሳዊ መሪ አመራረጣችሁም ይደንቃል። ሦስት አባቶች ይጠየቃሉ። አንዱ «ትምህርትህን ጨርስና በየወሩ ና፤ ከጸሎት በኋላ በልብህ የቀረውን እየጻፍክ አምጣልኝ» ይላል። ሌላው «ቤተ ሰብህ ምን ይላል? ዕዳስ የለብህም?» ብሎ ይመረምራል። ሦስተኛው በችኮላ ላይ ነበርና «እግዚአብሔር ይባርክህ» ብሎ ያልፋል። መንፈሳዊ መሪ ሆኖ የሚመረጠው ሦስተኛው ነው። የዕዳው ጥያቄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ፣ ቀኖና 644፣ ሊከፍል የማይችለው ዕዳ ያለበትን አትቀበሉ ይላል። ዕቁቡን ቀድሞ በልቶ ወደ ገዳም ለሚሮጥ መልካም ዜና አይደለም።

ሕጉ በቀረውም ቢሆን አይመቻችሁም። ኖቪስ (ገና መሐላ ያልገባ የምንኵስና ተለማማጅ) ለመሆን 17 ዓመት መሙላት፣ የልምምዱ ጊዜ ኖቪሺየቱ ራሱ 12 ወር፤ ከኖቪሺየቱ ቤት ከ3 ወር በላይ የራቀ እንደገና ይጀምራል። ጊዜያዊው መሐላ ከ3 ዓመት አያንስም፣ ሲራዘም ደግሞ እስከ 9 ዓመት ይደርሳል። ለዘላለሙ መሐላ ቢያንስ 21 ዓመት። ይህ ሁሉ ጊታር በሌለበት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደወል አለ፣ የሌላ ሰው ድስት ማጠብ አለ፣ በጸሎት ሰዓት ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚያመሽ ወንድም ከአጠገባችሁ ይቀመጣል፣ አለቃው «መዝሙሩን ተወውና ዶሮዎቹን እይ» ይላል። ብዙዎች ሻንጣቸውን የሚያነሡት ስለ እምነት ተጨንቀው አይደለም፤ ከዶሮዎቹና ከዚያ ጉሮሮ የተነሣ ነው። «ኑና እዩ» በሚባለው የጥቂት ቀን ጉብኝት ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይታያል፤ ግን ማን ጊዜ አለው? የስንብቱ ዝግጅት አለ።

ስንብቱንስ ማን ይችላችኋል! ቁምስናው (አጥቢያው) ዳቦ ይቆርሳል፣ እናት ያለቅሳሉ፣ መዘምራኑ በአዋጡት ገንዘብ ሻንጣና ብርድ ልብስ ይገዛል። በሦስተኛው ወር ስትመለሱ አንዳንድ ምቀኛ ስለ ሻንጣው ይጠይቅ ይሆናል። ሻንጣውን እንዳትመልሱ፤ በመጪው ሱባኤ ለዶሚኒካኖቹ ማኅበር ያስፈልጋል።