ጭብጨባችን ይፋፋም!

አጨብጫቢን የሚንቅ ሰው ሙያውን አያውቅም። ደርግ 17 ዓመት የቆየው በታንክ ብቻ ነው የሚል ካለ የመዳፋችንን ውለታ ክዷል።

የመጀመሪያው ትምህርት የተሰጠው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የቀረፀውን የረሃብ ፊልም ደርጎቹ ወሰዱ፤ የቤተ መንግሥቱን የድግስ ምስል አመጡ፤ ሁለቱን እየቆረጡ ቀጣጠሉ። አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን፣ ቀጥሎ ግብር፤ ደግሞ ሕፃን፣ ደግሞ ግብር። ልብ በሉ፣ ሐሰት አልገባበትም። ረሃቡም እውነት፣ ድግሱም እውነት፤ ጥበቡ ያለው መቀሱ ጋ ነው። ተመልካቹ ማንም ሳያዘው ራሱ ፈረደ። በማግስቱ ጃንሆይን በቮልስ ሲወስዷቸው መንገድ ዳር የቆመው “ሌባ!” ብሎ ሸኛቸው።

መስከረም 1977 ላይ ሰሜኑ እንደገና ተርቧል። አዲስ አበባ ግን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ምክር ተሽሞንሙና የኢሠፓን (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን) ምሥረታና የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ታከብራለች። ንግግሩ ሰዓታት ፈጀ፤ ለረሃብተኛው ከፕሮግራሙ ላይ ቦታ አልተገኘለትም። ለበዓሉ የመጡ የውጭ ጋዜጠኞችም ወደዚያ እንዳያልፉ ተደረገ። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር የነበረችው የኮረም ምስል ዓለምን ያስደነገጠው ጥቅምት ላይ፣ በቢቢሲ ነው። ያው ወሎ፣ ያው ረሃብ። በ1967 መታየት ነበረበት፣ በ1977 መደበቅ። መዳፋችን በሁለቱም ጊዜ አላሳፈረንም።

የዚያን ዘመን የቀበሌ ስብሰባ ግን ከቴሌቪዥኑም ይበልጥ ነበር። ስኳርና ሳሙና የሚታደለው በቀበሌው ሱቅ ስለነበር መቅረት አያዋጣም። መፈክር አሰሚው ይጀምራል፣ የግራ እጅ ቡጢ ይነሣል፣ “ወደፊት!” ይባላል። ማመን ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ተቺ የሳተው እዚህ ላይ ነው። የጎረቤትህን ጩኸት ትሰማለህ፣ ልቡን አትሰማም። እሱም ያንተን እንዲሁ። አዳራሽ ሙሉ ተጠራጣሪ፣ እያንዳንዱ “የምጠራጠረው እኔ ብቻ ነኝ” ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ያህል ሥራ በአንድ ቡጢ! ከዚህ የረከሰ ዘብ ከየት ይገኛል?

ብልሽት የለውም አይባልም። የሰሜኑ አማፂ “ወንበዴ” ተብሎ፣ “ወንበዴው ተደመሰሰ” በየዓመቱ ሲነገር ሰሚው ድሉን ትቶ የቦታውን ስም መያዝ ይጀምራል። የተደመሰሰበት ቦታ ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር ጦርነቱ የት እንደደረሰ ያሰላል። የጎደለውን ማታ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ ከጀርመን ድምፅ ራዲዮ ይሞላል። ጠዋት ተነሥቶ ደግሞ ያንኑ “ወንበዴ” ያወግዛል፤ ሙያተኛ ማለት እንዲህ ነው።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ራዲዮው “ቆራጡ መሪ” መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው መሄዳቸውን ተናገረ። በዚያው ሳምንት የሌኒን ሐውልት ተነቅሎ ወደቀ፤ ሊያይ የወጣው ሰው በጩኸትና በጭብጨባ ተቀበለው። መፈክር አሰሚዎቹ ቢያዩት በኮሩ ነበር፦ መቼ እንደሚጀመር አንድም ሰው አልጠየቀም።