ደሙን ባየሁ ጊዜ

ወገኖቼ ሆይ፣ ፍርድን ስለምንፈራበት መንገድ ልገሥጻችሁ ግድ ሆኖብኛል። የዓለምን ፍጻሜ ቀን ቀምሬ ደረስሁበት የሚል ሰው በተነሣ ቁጥር እንሸበራለን፤ ቀኑ ሲያልፍም ወደ ቀደመው ግዴለሽነታችን እንመለሳለን። ያችን ቀንና ሰዓት የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቋት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ተጽፎ ሳለ፣ ከመላእክት የተሰወረውን ከሰው አፍ መጠበቃችን ያሳዝናል። የልብ ዕረፍት የሚገኘው ከቀን ቆጠራ ሳይሆን ከቃሉ ውስጠ ምሥጢር ነው።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12ን ያለፈ ታሪክ ብቻ አድርገን አንዝጋው። ቀሳፊው በግብፅ ምድር ባለፈባት ሌሊት እስራኤላውያን የበጉን ደም በሂሶጵ ቅጠል ነክረው በሁለቱ መቃንና በጉበኑ ላይ እንዲረጩ፣ እስኪነጋም ከቤት እንዳይወጡ ታዘዙ። የተሰጣቸውን ተስፋ አስተውሉ፤ «ደሙን ባየሁ ጊዜ ከእናንተ አልፋለሁ» ተባሉ እንጂ ፍርሃታችሁ የጠፋ እንደ ሆነ አልተባሉም። በዚያ ቤት ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያደረ አባትና በሰላም የተኛ ሕፃን እኩል ዳኑ፤ የዳኑት በስሜታቸው ጽናት ሳይሆን እግዚአብሔር በሚያየው ነገር ነውና። ዛሬም ነፍሱን እየመረመረ በቂ መረጋጋት ስላላገኘ ብቻ የተኰነነ የሚመስለው ሰው ይህን ደጋግሞ ያንብብ።

ቤቱ ልብ ነው ብለን ስናነብ ከራሳችን ፈጥረን አይደለም። መዝሙረኛው ራሱ «በሂሶጵ እርጨኝ» ብሎ የደጃፉን ሥርዓት ወደ ነፍሱ አስገብቶታል፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ፋሲካችን ክርስቶስ እንደ ታረደ ጽፏል። በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው የመጻሕፍት ተርጓሚ አርጌንስ፣ ቅዱስ መጽሐፍ እንደ ሰው ሥጋ፣ ነፍስና መንፈስ አለው፣ ማለትም ከንባቡ በታች ጥልቅ ትርጉም አለው ብሎ ያስተማረውም ከዚሁ መንገድ የራቀ አይደለም።

ነገር ግን ምሥጢሩን የኃጢአት መደበቂያ ያደረጋችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ እናንተን ከሁሉ አብልጬ እገሥጻለሁ። በክርስቶስ ኢየሱስ ላሉት ኵነኔ የለባቸውም የሚለውን የሮሜ መልእክት ቃል በቃላችሁ እየደገማችሁ የሠራተኛን ደመወዝ ታስቀራላችሁ፣ በሐሰትም ትመሰክራላችሁ። ደሙን የረጩትን ቤቶች ያዘዘው ሕግ እርሾን ከቤታቸው እንዲያስወጡም አዝዞ ነበር፤ ጳውሎስም ያን እርሾ ክፋትና ግፍ ብሎ ፈትቶታል። ሁለቱን ትእዛዛት ለያይቶ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን በውስጡ ሳይሆን በምኞቱ አንብቧል። ራሳችንን ብንመረምር ባልተፈረደብን ነበር የተባለውም ስለዚህ ነው፤ የፍርድ ወንበር አስቀድሞ በውስጣችን ሊዘረጋ፣ የነጠቅነውም ለባለቤቱ ሊመለስ ይገባል።

የወሰዳችሁትን ከመለሳችሁ፣ የበደላችሁትንም ይቅርታ ከለመናችሁ በኋላ ልባችሁ አሁንም ቢፈርድባችሁ፣ ክሱን ይዛችሁ ወደ ሌላ ቀን ቆጣሪ አትሂዱ። እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ እንደ ሆነ፣ ሁሉንም እንደሚያውቅ ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ ጽፎላችኋልና፣ ወደ እርሱ አቅርቡት።