«አስተማሪ ነው»

ባለፈው እሁድ ከሲኒማ ስንወጣ የእህቴ ባል ጃኬቱን እየቆለፈ «አሪፍ ነው፤ አስተማሪ ነው» አለ። አለቀ። «ምን አስተማረህ?» ስለው «ክህደት ጥሩ እንዳልሆነ» አለኝ። ይህን ለማወቅ ትኬት መቁረጥ ነበረበት?

አያቶቻችን ሲኒማውን «ሰይጣን ቤት» ብለው ሸሹት። እኛ ደግሞ ስብከት ቤት አደረግነው። መልእክቱን ፈልፍለን ካወጣን ሌላው ልጣጭ ነው። ካሜራው የት ቆመ? ሴትዮዋ ስታለቅስ ለምን ጀርባዋን ብቻ አየን? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ፈላስፋ» ይባላል። ስድብ ነው።

ጥፋቱ የጀመረው ቪዲዮ ቤት ነው ባይ ነኝ። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት ወሬ የበዛበትን ቦታ ሁሉ ፎርዋርድ ያደርገው ነበር። ሰውየው አባቱን ቀብሮ ብቻውን ሲቀመጥ? ያልፋል። ድብድብ ሲመጣ ይለቀዋል። ከፍለን ገብተን ግማሽ ፊልም አይተን እንወጣለን። ጭራሽ እናጨበጭብለታለን! «አክተር አይሞትም» ከሚለው ሌላ ምንም ሳንማር አደግን። ቂሙ እስካሁን አልለቀቀኝም።

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የምትለዋን ተረት እወዳታለሁ። ሲኒማ ውስጥ ግን ልብ ቀድሞ ፈርዶ ነው የሚጠብቀው። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት የአንድ ተዋናይን ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን፣ አንዴ ከቆንጆ ሴት ጋር እየቀጠለ አሳየ። ተመልካቹ ረሃቡን፣ ሐዘኑን፣ ፍቅሩን አየሁ ብሎ ትወናውን አደነቀ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንዱ ነበር። የኛ ፊልም ደግሞ ሾርባም አይፈልግ፤ ዋሽንት ከገባ አለቀ፣ መሐረብ እንፈልጋለን።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» «ታሪኩ ይዘበራረቃል» የሚሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት የወሰደውን! ባለታሪኩ አንበርብር ከጀርመን ወደ መንደሩ የተመለሰው ትዝታው ተሰባብሮ ነው። ፊልሙ መስመሩን ጠብቆ ቢሄድ ኖሮ ነበር ውሸት የሚሆነው። እነዚህ ሰዎች ዛሬም ፎርዋርድ የሚያደርግላቸው ይፈልጋሉ።

የተነሳሁት ስለ «አስተማሪ ነው» ነበር መሰለኝ። ለማንኛውም በሚቀጥለው ፊልም ዋሽንቱ ሲጀምር ለአፍታ ጆሯችሁን ድፈኑና የተዋናዩን ፊት ብቻ እዩት። ያኔም እንባችሁ ከመጣ ተዋናዩ ጎበዝ ነው። ካልመጣ የትኬቱ ገንዘብ ለዋሽንት ነፊው ይሰጠው።