ፍልሰታና የሐኪሙ ወረቀት

ሐምሌ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ አንዲት ጎረቤቴ ቡና ጠራችን። የጦሳ ተራራ ጉሙን አልገፈፈም ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን ከሰሉ ደህና ተያይዟል። ባለቤቲቱ አስተማሪ ናት። ቁመቷ 1.62 ሜትር፣ ክብደቷ 112 ኪሎ ነው። ስኳር አለባት፤ ጉልበቷም ደረጃ አላስወጣ ብሏታል። ነሐሴ 18 አዲስ አበባ ሄዳ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ልታሳንስ ቀጠሮ ይዛለች። ከጨጓራዋ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። የደሙን፣ የልቡን፣ የጨጓራውን ምርመራ ጨርሳ የቀራት የመጨረሻው ዝግጅት ነው።

አቦሉ ሳይቀዳ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት ፈታ አወጣች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለ2 ሳምንት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ስኳር በጣም እንድትቀንስ፣ እንቁላል፣ እርጎና ስብ የሌለው ሥጋ እንድትመገብ ይላል።

«2 ሳምንቱ የሚጀምረው ነሐሴ 4 ነው፤ ፍልሰታ ውስጥ» አለች። «ጾሙ ራሱ ዝግጅት አይሆነኝም?»

«ምን ጥያቄ አለው!» አለ ወንድሟ። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ ሚኒባስ ነው የሚነዳው። «እስከ ቅዳሴ ሳትበዪ ውለሽ፣ ሥጋና ቅቤ ትተሽ፣ ከዚህ በላይ ምን ዝግጅት አለ?»

ፋርማሲ የሚሠራው ጎረቤታችን ስኒውን አስቀመጠ። «ጾም ሥጋና ወተት ያስቀራል እንጂ እንጀራና ድንች መች ያስቀራል? ወረቀቱ የሚለው ተቃራኒውን ነው።» ቀጥሎም መዳፉን ስኒው ላይ ደፋው። «ስኒው ጨጓራሽ ነው እንበል፤ መዳፌ ጉበትሽ። ጉበት ጨጓራን እንዲህ ከላይ ይሸፍነዋል። ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ ጉበቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። ስብ የሞላው ጉበት ደግሞ ይከብዳል፣ ይደማል፤ ጨጓራውንም አላሳይ ይላል። አንዳንዴ ሆድ በሰፊው እንዲከፈት፣ አንዳንዴም ሥራው እንዲቋረጥ ያደርጋል። እንጀራውንና ስኳሩን ስትቀንሺ ጉበት ያጠራቀመውን ያወጣና ይቀንሳል። የ2 ሳምንቱ ነገር ይኸው ነው፤ ኪሎሽን ለማሳመር አይደለም።»

ቀጠለና የባሰውን አመጣ። «ደግሞ ኢንሱሊን ትወጊያለሽ። ወግተሽ ሳትበዪ ቅዳሴ ብትቆሚ ስኳርሽ ወርዶ እዚያው ትወድቂያለሽ። ምግቡ ሲቀንስም መጠኑ መስተካከል አለበት፤ ያን የሚወስነው ሐኪምሽ ነው፣ አንቺም አይደለሽም፣ እኔም አይደለሁም።»

ወንድሟ ተከፋ። ለካ በጉን ከሰኞ ገበያ ገዝቶ አስሮታል። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ አርዶ ሊሸኛት ነበር። «ከዚያ በኋላማ ከኔ ጋር እንደ ድሮው ላትበላ ነው» ሲል ድምፁ ተሰበረ። «አንድ ቀን እንኳ ጠግባ ትሂድ ብል ምን አጠፋሁ?» እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ክርክሩ ስለ በግ እንዳልነበረ ያኔ ነው የገባኝ።

«በቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው?» አለ ፋርማሲስቱ። «የ12 ቀን ልፋቷን በአንድ ማዕድ ልታፈርስባት?»

«እሺ፣ እሱስ ይቅር። ከሆስፒታል እንደወጣች ግን በመኪናዬ አመጣታለሁ።»

«400 ኪሎ ሜትር ተቀምጣ? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደም እግር ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ሐኪሙ ሂጂ እስኪላት እዚያው ትቆይ፤ ስትመጣም መንገድ ላይ እያቆምክ አራምዳት።»

እስካሁን ዝም ያሉት እትዬ ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ ከዚህች ልጅ እናት ጋር ዕድሜ ልካቸውን ቡና የተጠራሩ። «ልጄ፣ እኛ ዘንድ በረመዳን የታመመ ያፈጥራል፣ ሲሻለው ይከፍላል። እናንተም የነፍስ አባት አላችሁ። ጠይቀሻቸዋል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ለሐኪሙስ እጾማለሁ ብለሽ ነግረሽዋል?»

መልስ የለም። ቆይታ «ይቆጣኛል ብዬ» አለች።

እኔ የእትዬን ወገን ነኝ። ፋርማሲስቱ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ጾሟን እንደ እንቅፋት ብቻ አየው። እሷ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ ጾማለች፤ ተዪው ስለተባለች አትተወውም፣ ተደብቃ ትጾማለች እንጂ። የምፈራውም ያንን ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው እንደምትጾም አያውቅም፤ ካልነገረችው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ነገሩ ደግሞ በነሐሴ አያበቃም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በየቀኑ ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ገደማ ነው። በዚያች ጠባብ ጨጓራ ሽሮውንም እንጀራውንም እኩል ልብላ ብትል እንጀራው ቦታውን ይይዘዋል። ቫይታሚኑን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች፤ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ በምስርና በሽሮ አይገኝም። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ። አስቀድማ ከተናገረች የምግብ ባለሙያው በአኩሪ አተርና በሽምብራ፣ ካስፈለገም በጾም በሚወሰድ የፕሮቲን ዱቄት ያቅድላታል። ከደበቀች ግን ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምርና ጉልበት ሲያጥራት ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ ነሐሴ 4 ሳይደርስ ለሐኪሙ ትደውል፤ የነፍስ አባቷንም ወረቀቱን ይዛ ሄዳ ታነጋግር። እኛም ጉርሻችንን እንሰብስብ፤ የዚያን ቀን እንኳ ስንት ጊዜ ቆሎ በእጇ እንዳስያዝናት አይቻለሁ። ወንድሟ በጉን ለመስቀል ያቆየው። ያኔ ከወር በላይ ይሆናታል፤ ለስላሳ ምግብ የሚጀመርበት ጊዜ ነው። ከጎኑ ቁጭ ብላ፣ በደንብ የበሰለና የደቀቀ ሥጋ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀስ እያለች ትበላለች።